ከወሊድ በኋላ ሜዲኬይድ (ሜሪላንድ)፣ የኔ ሪቪው

ሰላም እናቶች፣ በሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግስት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ስለወለድኩ የተጠቀምኩትን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ከወለድሽ በ2 ወር ሽፋኑ ይቋረጥብሻል ይላል እኔም እሱን ነበር የሰማሁት። ድሮ እውነት ነው 60 ቀን ነበር፣ ግን በ2021 የወጣው የፌደራል ህግ ስቴቶች 12 ወር እንዲያደርጉት ፈቀደና ሜሪላንድ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ 12 ወር አድርጎታል። እኔን ያተረፈኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በአራስነቴ ደህና ነበርኩ፣ የባሌ እህት ገንፎውንም አጥሚቱንም ትሰራለች ጠያቂው ይገባል ይወጣል። ልጄ 5 ወር ሲሆናት ሰው ሁሉ ወደ ስራው ተመለሰ ባሌም ማታ ስራ ጀመረ፣ የዛኔ ነው የባሰብኝ። ልጅቷ ተኝታ እኔ አልተኛም፣ ትተነፍስ ይሆን እያልኩ ጣቴን አፍንጫዋ ስር አድርጌ ይነጋል።

ለ6 ወር ክትባቷ ስንሄድ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትና ጭንቀት እንዳለ የሚጠይቅ 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጡኝ፣ ባለፉት 7 ቀናት መሳቅ ችለሻል ወይ፣ ያለምክንያት ፈርተሻል ወይ፣ ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ የሚል። ክሊኒኩ አስተርጓሚ መጥራት ሲገባው የባሌን እህት አንቺ ተርጉሚላት አሏት። እሷ ፊት ምን ልበል፣ አስሩንም ደህና ነኝ ብዬ ወጣሁ መኪና ውስጥ ግን አለቀስኩ። በዚህ እስካሁን አዝናለሁ። ቤተሰብ አያስተርጉምላችሁ፣ አማርኛ አስተርጓሚ በሉ፣ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

በሌላ ጊዜ ሌላ ክሊኒክ ብቻዬን ሄጄ በስልክ አስተርጓሚ ያንኑ ወረቀት ሞላሁ፣ የማላውቃት ሴት ድምፅ በአማርኛ "ስቀሻል ወይ እህቴ" ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም የአእምሮ ጤና ባለሙያ) ጋ እንድሄድ ተፃፈልኝ፣ እዚህ ላይ ታገሱ፣ ከደወልኩላቸው ብዙዎቹ ሜዲኬይድ አንቀበልም ነው ያሉኝ፣ ካገኘሁ በኋላ ግን አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም። ቀጠሮ እስኪደርስ ወይ ሌሊት ሲጨንቃችሁ 1-833-852-6262 ደውሉ፣ የእናቶች የአእምሮ ጤና መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሰራል፣ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ለሽፋኑ ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቻለሁ። ልጄ አሁን 10 ወሯ ነው፣ በ2 ሳምንት አንዴ እሄዳለሁ፣ ሌሊትም እተኛለሁ። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን ቶሎ አሳውቁ ምክንያቱም የሜዲኬይድ ማሳደሻው ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል።