የሄርማታው የማታ ኬሚስትሪ ማጠናከሪያ

ጅማ ውስጥ ቀን መድኃኒት ቤት እየሠራችሁ ማታ ለምትማሩ ሁሉ ይህን ቤት ሳላመነታ እጠቁማለሁ። ሄርማታ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከጥቁር ሰሌዳና ከአግዳሚ ወንበሮች በቀር ምንም የላትም። ያላት መምህሩ ናቸው።

አሚኖችን (ናይትሮጅን ያለባቸውን የአሞኒያ ዘመዶች) ሌላ ቦታ ስንማር የቤዝነታቸውን፣ ማለትም ፕሮቶን (H⁺) የመቀበል አቅማቸውን፣ ቅደም ተከተል ሸምድደን ነበር ፈተና የገባነው። እኚህ መምህር ቅደም ተከተል አይሰጡም። ናይትሮጅኑን በነጭ ጠመኔ ይጽፉና ጥንድ ኤሌክትሮኑን በቀይ ሁለት ነጥብ አድርገው፣ «ይህ ጥንድ ሥራ ፈት ነው ወይስ ሥራ ይዟል?» ይላሉ። ሳይክሎሄክሲልአሚን ላይ ሥራ ፈት ነው፤ ፕሮቶን ሲመጣ ይቀበላል፣ ፕሮቶን የያዘው ቅርጽ ፒኬኤ (ከፍ ሲል ቤዙ መበርታቱን የሚያሳይ ቁጥር) 10.6 ገደማ ነው። አኒሊን ላይ ግን ጥንዱ ወደ ቤንዜን ቀለበቱ ስለሚሳብ ቁጥሩ ወደ 4.6 ይወርዳል፤ እያንዳንዱ የፒኬኤ አሃድ አሥር እጥፍ ስለሆነ የአንድ ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው!

ከዚያ አኒሊኑ ላይ ናይትሮ (ኤሌክትሮን የሚስብ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ቡድን) ይጨምራሉ። ሜታ (ቀለበቱ ላይ አሚኑን ከያዘው ካርቦን ሁለተኛው ቦታ) ላይ ሲሆን ፒኬኤው 2.5፣ ፓራ (ከአሚኑ ፊት ለፊት ያለው ቦታ) ላይ ሲሆን 1.0። «ቡድኑ ያው ነው፤ ለምን ተለያየ?» ብለው ጠመኔውን ለተማሪ ያቀብላሉ። የኤሌክትሮኖቹን እንቅስቃሴ የሚያሳዩትን ቀስቶች ራሳችን ስንስል ነገሩ ተገለጠልን፦ ፓራ ላይ ያለው ናይትሮ ጥንዱን በሬዞናንስ (በቀለበቱ በኩል በሚሰራጩ ኤሌክትሮኖች) እስከ ኦክስጅኖቹ ይወስደዋል፤ ሜታ ላይ ያለው ይህን መንገድ አያገኝም፣ በዋናነት በኢንዳክቲቭ ጉተታ (በነጠላ ቦንዶች በኩል በሚደረግ መሳብ) ነው የሚያዳክመው።

እኔን የማረከኝ የሊዶኬይን (የማደንዘዣ መድኃኒቱ) ምሳሌ ነው። በየጊዜው ከመደርደሪያ የማወርደው መድኃኒት ሁለት ናይትሮጅን አለው፤ የአማይዱ ጥንዱን ለጎረቤቱ ካርቦኒል (C=O) ስላበደረ ፕሮቶን አይዝም፣ ሌላው፣ ሁለት ኤቲል የተሸከመው፣ ይይዛል፤ ፒኬኤው 7.9 ገደማ ነው። በመርፌ የሚሰጠው የሃይድሮክሎራይድ ጨው የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

ቅሬታዬ የውኃን ድርሻ በችኮላ ማለፋቸው ነው። ናይትሮጅኑ ላይ ሜቲል (CH₃) በበዛ ቁጥር ቤዝነት ቢጨምር ኖሮ ሦስት ሜቲል ያለው ትራይሜቲልአሚን ሁለት ካለው ዳይሜቲልአሚን ይበልጥ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ግን የትራይሜቲልአሚን ፒኬኤ 9.8፣ የዳይሜቲልአሚን 10.7 ነው። ፕሮቶን የያዘው ትራይሜቲልአሚን ከውኃ ጋር የሚተሳሰርበት ሃይድሮጅን አንድ ብቻ ስለሆነ እንደልቡ አይረጋጋም። ይህ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል፤ ፈተና ላይም ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ነው።

ክፍያው በወር ነው። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ከኋላ አግዳሚ ቀዩ ጠመኔ አይታይም።