መርፌውን ስለከለከለችኝ የእንስሳት ሐኪም

ይህን የምጽፈው በደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር 4 ዲቃላ ላሞችና 200 ያህል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የማረባ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ዓላማዬ አንዲት የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ ማመስገንና በአካባቢያችን ላሉ አርቢዎች መጠቆም ነው። ሰው ሐኪም ሲያመሰግን ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው የተሰጠውን መድኃኒት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማመሰግናት ሳትሰጠኝ ስለሄደችው መርፌ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለለመነችኝ «ዶክተሯ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በዕድሜ ከመጨረሻ ልጄ ስለምታንስ አንቱ አለማለቴን እንደ ንቀት የሚቆጥርብኝ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነው። ለበዓሉ ከገበያ የገዛኋቸውን 2 አውራ ዶሮዎች እስኪታረዱ ድረስ ብዬ ከእንቁላል ጣዮቹ ጋር አንድ ቤት አስገባኋቸው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ አንደኛው ክንፉን ጥሎ ቆዘመ። በሳምንቱ ጣዮቹም መኖ መተው፣ አረንጓዴ ኩስ መጣልና አንገታቸውን መጠምዘዝ ጀመሩ። እኔም እንደ ሰፈሩ ልማድ ለሰው የሚታዘዘውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ገዝቼ፣ ሽፋኑን ከፍቼ፣ ዱቄቱን በመጠጥ ውኃቸው በጠበጥኩላቸው። መጠኑን ማን ነገረህ ብባል መልስ የለኝም፤ ለአንድ ባልዲ ይህን ያህል ይበቃል ሲባል ሰምቼ ነው። ሞቱ ሲብስ አንድ መድኃኒት ሻጭ፣ ማንነቱን ማንሳት አልፈልግም፣ «ከዚህ የጠነከረ አለኝ» ብሎ ሌላ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ሸጠልኝ። ከ40 በላይ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ በጎረቤቴ በሐጂ ምክር ዶክተሯን ጠራኋት።

በባጃጅ መጥታ ከግቢው በር ላይ ቆመች። ወደ ዶሮዎቹ ቤት ሳትገባ ቦቲ ጫማዋን በያዘችው የጀርም መግደያ አጠበችና በዚያን ቀን የሞተች ዶሮ እንዲመጣላት ጠየቀች። ጓንቷን አጥልቃ ከጥላው ሥር ዶሮዋን ከፈተቻት፤ ጨጓራዋን ሰንጥቃም በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የነበረውን የደም ነጠብጣብ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ፈንግል ይመስለኛል» አለች። «ነጠብጣቡ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን ከአንገታቸው መጠምዘዝ፣ ከኩሳቸው፣ ከገበያ ከመጡት አውራዎችና ጨርሶ ካለመከተባቸው ጋር ሲደመር ሌላ የምጠረጥረው የለኝም።» እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ የመድኃኒት ሳጥኗ ላይ ነበርና ጠንከር ያለ መርፌ እንድትወጋልኝ ለመንኳት። «ፈንግልን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ እዚህ ውስጥ ያለው አንቲባዮቲክ ሁሉ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ብሰጥዎ ገንዘብዎን ወሰድኩ እንጂ ዶሮዎን አላዳንኩም» ብላ ሳጥኗን ዘጋችው።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ተቆጣሁ። ሰው ከሐይቅ ድረስ ጠርቶ፣ የባጃጅ ከፍሎ፣ ያለ መድኃኒት መቅረት የሚዋጥ ነገር አልመሰለኝም ነበር። እሷ ግን ቁጣዬን ከቁም ነገር ሳትቆጥር አብራኝ እስከ ማታ ሠራች። የታመሙትን ለየች፤ የሞቱትን በጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ነስንሳ አስቀበረች፤ የተረፉትን በርካሽ ሸጬ በሽታውን ወደ ሌላ ቤት እንዳልልከው ቃል አስገባችኝ፤ ጉዝጓዙ እንዲወጣ፣ ዕቃው ሁሉ እንዲታጠብና ቤቱ አዲስ ዶሮ እስኪገባበት ለሳምንታት ባዶውን እንዲቆይ አዘዘች። የጠየቀችኝ ክፍያ የመመላለሻዋንና የምርመራዋን ብቻ ነበር።

አዲሶቹን ቄቦች ከማስገባቴ በፊት የክትባቱን ነገር ራሷ አመቻቸችው። የፈንግል ክትባት በአገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ የእኛ ችግር አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑና አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ የማይተርፍ መሆኑ ነው። 10 ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ አትገዛውም። ዶክተሯ ይህን የፈታችው 14 አባወራዎች በአንድ ጠዋት ዶሮዎቻቸውን ይዘው እንዲጠብቁ በማድረግ ነው። ክትባቱን ከበረዶ ጋር በሳጥን ይዛ መጣች፤ ለአንዳንዶቹ በዓይናቸው ጠብ አደረገችላቸው፣ ለእኔዎቹ በውኃ ሰጠቻቸው። ክሎሪን ክትባቱን ስለሚገድለው የቧንቧ ውኃ አልተጠቀመችም፤ ዶሮዎቹም ጠምቷቸው ቶሎ እንዲጨርሱት ቀድመው ለሰዓታት ውኃ እንዲከለከሉ አስደርጋለች። ክትባቱ በየጊዜው መደገም ስላለበት ቀኑን በግድግዳዬ የቀን መቁጠሪያ ላይ በእጇ ጽፋልኛለች።

ሁለተኛው ጉዳይ የላሜ የቡሬ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳፈረኝም እሱ ነው። ቡሬ ከወለደች ጀምሮ አንዱ የኋላ ጡቷ በየጊዜው እያበጠ ወተቱ ይጓጉል ነበር። በታመመች ቁጥር ፔንስትሬፕ (ፔንሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀሉበት መርፌ) ወይም ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነውን ኦክሲቴትራሳይክሊን እናስወጋታለን፤ ሁለት ቀን ሻል ሲላት እናቆማለን፤ የተረፈውን ጠርሙስ ጎረቤት ለጥጃው ይወስደዋል። ላም ትሁን ጥጃ መጠኑ በዓይን ግምት ነበር። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ወተቱ አልረጋ እያለ አስቸገራት። ቅሉን በወይራ ደጋግማ አጠነችው፤ ዕቃው ነው ብላ ሌላ ቀየረች፤ ዓይን በልቶት ነው ያሉ ጎረቤቶችም አልታጡም። ዶክተሯ ስለ ቡሬ መጥታ ቡና ላይ ይህን ስትሰማ ስኒዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ቅሉ ምንም አልሆነም። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከመርፌው ወደ ወተቱ ያለፈው መድኃኒት ነው እነሱን የገደላቸው» አለቻት። ባለቤቴ ለጊዜው መልስ አልሰጠችም። ያንኑ ወተት የልጅ ልጆቻችን ሲጠጡት ነበር የከረሙት፤ ለሁለት ቤቶችም በየጠዋቱ በሊትር እንሸጠው ነበር።

ከዚያ አራት ጎድጓዳ ክፍሎች ያሉት ሳህን አወጣች። ከእያንዳንዱ ጡት ጥቂት ጥቂት ወተት አለበችና የመመርመሪያ ፈሳሽ ጨምራ ስታዞረው የታመመው ጡት ወተት እንደ ተልባ ተዝለገለገ። የሚገርመው፣ እኛ ጤነኛ ነው የምንለው የጎኑ ጡት ወተትም ወፈር ማለቱ ነበር፤ በዓይን የማይታይ ሕመም ይሉታል። የጡቱን ጫፍ በአልኮል ጠርጋ በንጹሕ ብልቃጥ ናሙና ወሰደችና ከበረዶ ጋር ወደ ኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ላከችው። ውጤቱ ቀናት ወስዷል፤ በመጨረሻ ግን ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። በስልኳ ያሳየችኝን ፎቶ አልረሳውም። ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ መድኃኒት የነኩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ዙሪያ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ በፔንሲሊኑና በቴትራሳይክሊኑ ዙሪያ ግን ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ምንም እንዳልነካው በቅሏል። እኛ ለወራት ስንወጋት የነበረው እነዚያኑ ሁለቱን ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ሳጥኗ የተከፈተው። የቡሬን ደረት ዙሪያ በሜትር ለክታ ክብደቷን ገመተች፤ የተመረጠውን መድኃኒት በክብደቷ ልክ አሰላች፤ ሻል ቢላትም ባይላትም የታዘዘው ቀን ሳይሞላ እንዳይቋረጥ አስጠነቀቀች። ወተቱ በሕክምናው ጊዜ፣ ከዚያም በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፉት ቀናት እስኪያልፉ ድረስ እንዲደፋ፣ ለጥጃ እንኳ እንዳይሰጥ ነገረችን። አንዱ ጡት ድኗል። ሁለተኛው ግን አልተመለሰም፤ ይህ ባክቴሪያ በጡት ሥጋ ውስጥ ከቆየ አስቸጋሪ እንደሆነ አስቀድማ ነግራን ስለነበር አልወቀስናትም። የቀረው የእጃችን ንጽሕና፣ ለየላሟ የተለየ ጨርቅ መያዝና ቡሬን መጨረሻ ማለብ ሆነ።

እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፍሌሚንግ ፔንሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ማግኘቱን ለስንት ክፍል ተማሪ አስጽፌያለሁ። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን ሳይገድል መቋቋምን እንደሚያስተምረው ማስጠንቀቁን ግን አንድ ቀን አላነሳሁም። ነገሩ ረቂቅ አይደለም። ያነሰ መድኃኒት ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ይፈጃል፤ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፤ ቦታው ሁሉ የእነሱ ይሆናል። ከዚህም አልፈው የመቋቋሚያ ዘረ መላቸውን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ማቀበል ይችላሉ። ለዶሮና ለላም የምንሰጣቸው ቴትራሳይክሊንና ፔንሲሊን ደግሞ ለሰው ከሚታዘዙት ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ስለዚህ ከጋጣው የወጣው ባክቴሪያ በወተት፣ በእጅ፣ ወይም ጎመኑ ላይ በተደፋው ፍግ በኩል ወደ ማዕድ ሲመጣ ሐኪም ቤት ያለውንም መድኃኒት አብሮ ያመክነዋል።

ይህን ሁሉ ለብቻዬ ሰምቼ ከምቀመጥ ብዬ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚሰበሰብበት ቅሬያችን (ዕድራችን) ላይ እንድትናገር ጋበዝኳት። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት እንደሞቱ የተመራማሪዎችን ግምት ጠቅሳ ስትናገር ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ይበልጥ ክርክር ያስነሣው ግን የራሳችን ነገር ነበር። በግ የሚያደልብ ወጣት መኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ ቢጨመር ይፋፋል መባሉን ጠየቃት፤ የአውሮፓ ኅብረት ለማፋፊያ ብሎ መቀላቀልን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መከልከሉንና በግ የሚያደልበው ጥሩ መኖና የትል መድኃኒት በወቅቱ መሆኑን ነገረችው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ተነሥተው «ታዲያ ልጄ፣ ከብቱ ይሙት ነው የምትይን?» አሉ። «አይሙት አባባ። ባክቴሪያ የሚያመጣው ጎሮርሳ ከሆነ ወይም ጥጃው ሳንባውን ከታመመ በዚያው ሰዓት እወጋለሁ፤ አልሰጥም የምለው የማይሠራበት ቦታ ላይ ነው» አለቻቸው። በገበያ ቀን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን በሙቀትና በብርሃን እንደሚበላሽም የነገረችን ያን ዕለት ነው፤ ፈሳሹ ከጠቆረ አትግዙ ብላለች።

ጥቆማዬ ሐቀኛ እንዲሆን ጉድለቱንም ልናገር። ብዙ ቀበሌ ስለምታዳርስ በጠሯት ሰዓት ላትደርስ ትችላለች፤ እኔም አንዴ ቀኑን ሙሉ ጠብቄያታለሁ። የላቦራቶሪ ውጤት ይዘገያል፤ ለሁሉም በሽታም ናሙና አትልክም። መርፌ ለመወጋት ብቻ የሚጠራት ሰው ደስ ሳይለው ሊሸኛት ይችላል፤ በእኔም ደርሷል። ይህን ችሎ ለሚጠራት ግን ከሐይቅ እስከ ውጫሌ መንገድ ዳር ላሉ መንደሮች ሁሉ ትሄዳለች። ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሰው፣ ፈቃዷን ስለሰጠችኝ፣ አደርሳለሁ። ስትደውሉላት እንስሳው መቼ እንደታመመ፣ በቅርቡ ከገበያ የገባ ከብት ወይም ዶሮ እንዳለና ምን ክትባት እንደወሰደ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። እስካሁን የወጋችሁትን መድኃኒት ባዶ ጠርሙስም አትጣሉት፤ ከበር ገብታ ሰላምታ እንደጨረሰች መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።