ቆንጆ ቁጥር ገዛሁ፣ ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት

መገናኛ አካባቢ ቆንጆ ቁጥር አለን ከሚሉት የሲም ሱቆች አንዱ ጋ ገብቼ ነበር፣ ስሙን ተዉት። መስተንግዶው አይነቀፍም፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ መታወቂያዬን ወስዶ በስሜ አስመዝግቦ ሲጨርስ ከጎን ያዘዝኩት ማኪያቶ ገና አልቀዘቀዘም። ዋጋው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

ቁጥሮቹን ካርቶን ላይ በእጁ ጽፎ ደርድሯል፣ የመጨረሻ አራቱን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦ። ዓይኔ 4742 ላይ አረፈ። "እሱማ አራት ሁለቴ የገባበት ነው፣ ድጋሚ ያለው ብርቅ ነው ወንድሜ፣ ሰው አንዴ ከሰማው አይረሳውም" አለና የተራውን ሲም ሦስት እጥፍ ጠራ። ትንሽ ተከራክሬ ገዛሁት፣ ሞኝ።

ማታ መብራት ጠፍቶ ስራ ስፈታ ማስላት ጀመርኩ። ለመጨረሻዎቹ አራት ቦታዎች ከ0000 እስከ 9999 አስር ሺህ አማራጭ አለ። ምንም የማይደገምበት ስንት ነው? ለመጀመሪያው ቦታ 10 ምርጫ አለህ፣ ለሁለተኛው አንዱ ስለተያዘ 9፣ ቀጥሎ 8፣ ቀጥሎ 7፣ ስታባዛው 5,040። የቀረው 4,960 በሙሉ የሆነ ድጋሚ አለበት! ብርቅ የተባልኩት ነገር ከተራው ሲም ዓይኔን ጨፍኜ ባነሳ ከሁለት አንዱ ሊሆን የሚችል ነው።

ብርቅ ጭራሽ የለም እያልኩ አይደለም። እንደ 7777 አራቱም አንድ አይነት የሆነ ከአስር ሺው 10 ብቻ ነው፣ እንደ 2233 ያለው 90፣ እንደ 2323 ሌላ 90፣ እንደ 2332 ያለውም 90። እነዚህ ላይ ብር ቢጨምር አልፈርድበትም፣ ማስታወቂያ ላይ ለሚለጥፍ ነጋዴ ያዋጣዋል።

"ቁጥር እያለቀ ነው፣ ቶሎ ውሰድ" የሚላትም ነገር አለች። 09 ካልክ በኋላ ስምንት ቦታ ይቀርሃል፣ አስርን ስምንቴ ስታባዛ 100 ሚሊዮን። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ በ07 ነው የመጣው፣ እዛም በስሌት ሌላ 100 ሚሊዮን አለ፣ ስለዚህ አትደንግጡ ተረጋግታችሁ ምረጡ።

ለመስተንግዶ ከ5 4፣ ለዋጋ 2። ሰው አይረሳውም ያለውን በተመለከተ፣ እናቴ ሴቭ አድርጊው ብላት እምቢ ብላ በቃሏ እየደወለች ይኸው ሁለት ሳምንቷ፣ 4724 ላይ አንድ የማላውቀው ሰውዬ እያነሳ "እማማ ዛሬም ተሳስተዋል" ይላታል።