የጭንቅላት እንቅስቃሴ በኤፍኤምአርአይ፦ ከምስሉ ወይስ በካሜራ?

በኤፍኤምአርአይ፣ ማለትም የአንጎልን ሥራ በማግኔት በሚቀርጽ የምስል ማንሻ፣ ጥናት የሚሠራ ሁሉ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ በምን ልለካ የሚለው ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ትንሽ ንቅናቄም ውጤት ታበላሻለች።

ከምስሉ መለካት፦ ነፃ ነው፣ ኤፍኤስኤል ወይም ኤስፒኤም የሚባለው የአንጎል ምስል መተንተኛ ፕሮግራም ይበቃሃል። ግን አንድ ሙሉ ምስል እስኪነሳ ብዙ ጊዜ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በመሃል የሆነው ያመልጥሃል።

በካሜራ፦ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለካል፣ ቀረጻው ሳያልቅም ማስተካከል ያስችላል። ውድ ነው። ዋናው ጣጣ ግን ካሜራው የሚከተለው፣ በሰውየው ላይ የሚደረገው ምልክት ነው፤ ግንባር ላይ ከተለጠፈ ሰውየው ፊቱን ሲያኮሳትር ቆዳው ይንሸራተትና ጭንቅላቱ ንቅንቅ ሳይል ካሜራው ተንቀሳቀሰ ይላል። በጥርስ የሚነከስ መያዣ ይሻላል፣ ባይመችም።

ሁለቱንም ልኩ በሚታወቅ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ 1 ሚሊሜትር በሚገፋ ፋንተም (በሰው ፈንታ ለሙከራ የሚቀረጽ ዕቃ) ፈትናቸው። የቆዳውን ስህተት ግን ፋንተም አያሳይህም፣ ይህን እባክህ አትርሳ።

የቆየ ዳታ ከሆነ ምርጫህ ምስሉ ብቻ ነው። ዝም ብለው መተኛት ለሚከብዳቸው ሰዎች ግን ካሜራው ወጪው ይገባዋል።