ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ለደረሰልን መካኒክ

እኔና ባለቤቴ ዘንድሮ ጥቢውን ቤት አንቀመጥም ተባብለን ነበር። ኑሯችን ደብረ ብርሃን ነው። ክረምቱ እንዴት አድርጎ እንደሚያኮማትር የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። አደይ ሲፈነዳ ወጣን። ቅዳሜ ቅዳሜ በጎ ፈቃድ፦ በክረምት የተተከሉ ችግኞችን መኮትኮት፣ የአንዲት እናት ቤት ሲታደስ ጭቃ ማቀበል። እሁድ ሽርሽር ነው። አንኮበር ወጥተን ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈውን አየን። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹ ከቁም ነገርም ሳይቆጥሩን አጠገባችን ሣራቸውን ነጩ። የመንዝ ሰው ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ይህን ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ነግሮኛል፤ ሁለት ጊዜ።

ደስታችንን ሊያበላሽ የነበረው መኪናችን ነው። ቁልቁለት ስንወርድ የሆነ ነገር ይሸታል፤ የሚቃጠል ነገር። ፍሬኑም እግሬ ስር ይላላል።

ሦስት ጋራዥ ዞርን። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። አንደኛው ዕቃ ቀየረ። ሁለተኛው "ተሸውዳችኋል" ብሎ ያንኑ ዕቃ እንደገና ቀየረ። ሦስተኛው ዘጠኝ ቀን አስቀምጦ መለሰልን፤ ወንበሩ ግራሶ ጠጥቷል፣ ጃንጥላዬ የለም። ከሁሉም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የምነዳው እኔ ነኝ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። ሁሉም የሚጠይቁት ግን እሱን ነው! እኔ ስመልስ ወደ እሱ ዞረው ይሰማሉ። አንዱማ "ሴት ስትነዳ እግሯን ከፍሬን ላይ አታነሳም" ብሎ ሳቀ። ገንዘቤን ግን ከእኔው እጅ ነው የተቀበለው።

"ተሠርቷል" በተባለ በሳምንቱ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ አልፈን ስንወርድ ያው ሽታ መጣ። ጉሙ ደግሞ አፍንጫችን ላይ ነው። እያቆምን፣ እየጸለይን፣ እየተሳብን ደብረ ሲና ደረስን። አንዲት ቆሎ ሻጭ በጣቷ አንድ ጋራዥ አሳየችን።

ሰውየው በእድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ባለቤቴ አፉን ሊከፍት ሲል ወደ እኔ ዞሩ።

"የምትነጂው አንቺ ነሽ ልጄ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ።"

ዕንባዬ መጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ አንዴም አላቋረጡኝም። ከዚያ "ንጂ" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ወደ ዋሻው ወጥተን ስንመለስ መሀል ላይ አስቆሙኝ። ወርደው መዳፋቸውን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ፣ ልክ እሳት እንደሚሞቅ ሰው። የኋላ ግራው ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። "ይቺ ናት።"

ምን እንደሠሩ አትጠይቁኝ። "ይይዛል፣ አይለቅም" ብለው አስረድተውኛል፤ እኔም የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የከፈልነው እነዚያ ከወሰዱት ሩቡን አይሞላም። ስንሰናበት "ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠሽ አትቆዪ፤ በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። ሽታ የለም፣ ምንም የለም።

በዚያ መንገድ የምትመላለሱ ሁሉ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሴት ሹፌሮች በተለይ ሂዱ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ አልጻፍኩም። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ ሻጮቹን "ሬዲዮ የማይከፍቱት መካኒክ የት ናቸው?" በሏቸው፤ ያሳዩዋችኋል። የሞተሩን ድምፅ እንዲሰሙ ነው አሉ የማይከፍቱት።

ባለፈው እሁድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይዘንላቸው ሄድን። "በዚህ ሙቀት ምን ላደርገው ነው?" ብለው ሳቁብን። ቆይተው ግን አጣጥፈው ብብታቸው ስር አደረጉት። መንዝ ላሉት እናታቸው ሊልኩት ነው።