የ1978ቱ መግለጫ ወይስ የ2013ቱ ጽሑፍ?

የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችን ከክህነት (በዚህች ቤተ ክርስቲያን ለተራ ወንድ አባላትም ከሚሰጠው መንፈሳዊ ሥልጣን) እና ከዋና ዋና የቤተ መቅደስ ሥርዓቶች ያገለለችበትን ዘመን ለመረዳት ሁለት ሰነዶች ይነበባሉ (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የ1978ቱ «ይፋዊ መግለጫ 2» አጭር ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦልና ሁለቱ አማካሪዎቻቸው በላኩት ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ብቁ የሆነ ወንድ ሁሉ በዘርና በቀለም ሳይለይ ክህነት እንዲቀበል ፈቀደ። በዚያው ዓመት በጉባኤ ጸደቀ፣ በኋላም ከቅዱሳት መጻሕፍቱ ጋር ታተመ፤ ሥልጣን አለው ማለት ነው። እገዳው ለምን እንደመጣ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። በዚህ ዝምታ ምክንያት «የቃየን እርግማን» (ጥቁሮች የቃየንን እርግማን ወርሰዋል) እና «በቅድመ ሕይወት (ከመወለዳቸው በፊት በነበራቸው መንፈሳዊ ሕይወት) ደካማ ነበሩ» የሚሉት አሮጌ ማብራሪያዎች ዕድሜ አገኙ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ያወጣችው የ2013ቱ ጽሑፍ «ዘርና ክህነት» ይህን ክፍተት ይሞላል። ኤላይጃ ኤብል የተባለ ጥቁር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክህነት እንደተቀበለ፣ እገዳውን በይፋ ያወጀው ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ብሪገም ያንግ በ1852 እንደሆነ ይናገራል። እርግማን የሚሉትን ማብራሪያዎች በስም ጠቅሶ ይክዳል። ጉድለቱ፦ ፊርማ የለውም፣ ቀኖናም አይደለም፤ እገዳው ራሱ ስህተት ነበር ብሎም በግልጽ አይናገርም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የ1949ኙ የቀዳሚ አመራር (የፕሬዚዳንቱና የአማካሪዎቻቸው) መግለጫ እገዳውን «የጌታ ቀጥተኛ ትእዛዝ» ብሎት ነበርና።

ሕጉን ለሚፈልግ የመጀመሪያው ይበቃል። ምክንያቱን ለሚጠይቅ ግን ከሁለተኛው መጀመር ይሻላል።