የሞተር ዘይት በባሕር ዳር፦ ጋሎኑ፣ ባለ አንድ ሊትሩ ወይስ የበርሜሉ?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ይዞ ዘይቱን በግቢው ውስጥ በራሱ እጅ የሚቀይር የባሕር ዳር ሰው ባለ አራት ሊትሩን ጋሎን ከነዳጅ ማደያ ሱቅ፣ በደረሰኝ ይግዛ። ባለ አንድ ሊትሩ ለማሟያ ካልሆነ በስተቀር ኪስ ያራቁታል። ከበርሜል በእጅ ፓምፕ እየተሳበ የሚሸጠውን ደግሞ በነጻ ቢሰጡኝም ወደ ሞተር አላስገባውም። ወዳጆቼ ቅዳሜ ጠዋት ከሱቅ ደጃፍ ላይ ሆነው "የትኛውን ላንሳ?" እያሉ ሲደውሉልኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱ ግን በስልክ አያልቅም።

ሁሉም የሚጠይቀው ዋጋውን ስለሆነ በዋጋው ልጀምር። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ዘይት ዋጋ ላይ መማል አይቻልም፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር እናንተ ሱቅ እስክትደርሱ ያረጃል። ስለዚህ ስሌቱን ብቻ ላሳያችሁ። ለአቆጣጠር እንዲመች ባለ አንድ ሊትሩ 1,000 ብር፣ ጋሎኑ 3,600፣ ባለ አምስት ሊትሩ 4,400፣ ባለ 20 ሊትሩ ባልዲ 16,800 ብር ነው እንበል። እነዚህ የምሳሌ ዋጋዎች ናቸው፤ በቦታው ያገኛችሁትን ተክታችሁ አስሉ።

ባለ 1.3 ሊትር ሞተሩ የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ከነፊልትሮው (ከነዘይት ማጣሪያው) 3.7 ሊትር ገደማ ዘይት ይወስዳል። በአንድ ሊትር ጠርሙስ የሚገዛ ሰው አራት ጠርሙስ ገዝቶ 4,000 ብር ይከፍላል። በጋሎን የሚገዛው 3,600 ከፍሎ 300 ሚሊ ሊትር ይተርፈዋል። ባለ አምስት ሊትሩን የሚገዛ 1.3 ሊትር ይተርፈዋል፤ ሦስት ጊዜ ሲገዛ የተጠራቀመው ትርፍ 3.9 ሊትር ስለሚሆን አራተኛውን ቅያሪ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሠራል። የሊትሩን ዋጋ በ3.7 ስናባዛ አንዱ ቅያሪ በባለ አምስት ሊትሩ 3,256 ብር፣ በባልዲው 3,108 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ባልዲው ከባለ አምስት ሊትሩ የሚሻለው በ148 ብር ብቻ ነው። ለ148 ብር ብሎ 16,800 ብር ማሰር፣ በዚያ ላይ ተከፍቶ ከአንድ ዓመት በላይ በክረምት እርጥበትና በበጋ አቧራ መካከል ጋራዥ ጥግ የሚቀመጥ ዘይት መጠበቅ ለአንድ መኪና ባለቤት አያዋጣም። ሦስት አራት ጎረቤታሞች ተዋጥተው በአንድ ቀን ቢከፋፈሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ታዲያ ባለ አምስት ሊትሩ እያለ ጋሎኑን ለምን አስቀደምኩ? በከተማችን የሚነዳው ቪትዝ አብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ትንሽ ዘይት ይበላል። ያ 300 ሚሊ ሊትር በቅያሪና በቅያሪ መካከል ለማሟያ ይውላል እንጂ አይባክንም። በሊትር ሲታይ ጋሎኑ 900፣ ባለ አምስቱ 880 ብር ነው፤ በ3.7 ሊትር ልዩነቱ 74 ብር ብቻ ይሆናል። ለዚህ 74 ብር ብዬ ለወራት የተከፈተ ዘይት አላስቀምጥም።

በዋጋ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። "ጋሎን" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አራት ሊትር አይደለም። በአሜሪካ መለኪያ የተሞላው 3.78 ሊትር ነው፤ ባለ አምስት ሊትር የሚመስለው ደግሞ አንዳንዴ 4.73 ሊትር ሆኖ ይገኛል። ጽሑፉ ከጀርባ በኩል በደቃቅ ፊደል ስለሚቀመጥ ሻጩም አያነበውም። ዋጋውን ለሊትሩ ሳታካፍሉ "ይህኛው ይረክሳል" አትበሉ። ጎዶሎ ከጠረጠራችሁም አትክልት ቤት ሄዳችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ከ860 እስከ 890 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አራት ሊትሩ ከነዕቃው ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ መምዘን አለበት። ሦስት ኪሎ ላይ ከቆመ ተነሥታችሁ መልሱት።

አሁን ወደ ሐሰተኛው ዘይት። የእህቴ ባል ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ የስመ ጥር ምርት ጋሎን ገዛ፤ ማደያ ከሚሸጥበት በአምስተኛ እጅ የረከሰ ነበር። ጎንደር ደርሶ ሲመለስ መኪናው ሥራ ፈትቶ በቆመ ቁጥር የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ግቢዬ ውስጥ የኮፓውን (ሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) ቡሎን ስንፈታው የወረደው ዘይት እንደ ላምባ ቀጭን፣ ሽታው ናፍጣ ናፍጣ የሚል ነበር። መካኒኩ ኮፓውን አውርዶ በካቻቢቴ ጫፍ ሲፍቀው ከሥሩ እንደ ቅባት የረጋ ጥቁር ዝቃጭ ተጠቅልሎ ወጣ። ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት) ተበልቷል። ለብሮንዚና፣ ለጓርኒሲዮንና ለእጅ ሥራ የወጣው ገንዘብ ከዘይቱ ላይ አተረፍኩ ካለው ጋር አይነጻጸርም። ሻጩ ጋ ስንሄድ "ከአዲስ አበባ እንደመጣ ነው የሸጥኩት" አለን፤ ደረሰኝ ስላልነበረን ክርክሩ እዚያው አበቃ።

ያን ዕቃና እኔ ከማደያ የገዛሁትን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ቀለሙ አንድ ነው፣ ማኅተሙም አንድ ነው። ልዩነቱ ከክዳኑ በታች ነበር፦ የእኔው ላይ ክዳኑ ሲከፈት ተገንጥሎ አንገቱ ላይ የሚቀረው ቀለበት ሙሉ ነው፤ የእሱ ላይ በሦስት ቦታ በሙጫ ነጥብ ተይዟል። ከሥሩ የታተመውን የምርት ቁጥር በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ስጠርገው የእሱ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ዕቃው እውነተኛ ነው ማለት ነው፤ ሐሰተኛው ይዘቱ ብቻ ነው። የታሸገው እንዲህ ከሆነ፣ ማኅተም የሌለውን የበርሜሉን ዘይት ለምን እንደማልነካው ይገባችኋል። ባዶውን ጋሎን ቆራሌው በርካሽ ከየግቢው ይሰበስባል፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ እሱም አይጠየቅም። ስለዚህ ባዶውን ከመጣላችሁ በፊት ሥሩን በቢላዋ ብሱት። በጣት መካከል አሽቶ ወይም ወረቀት ላይ አቃጥሎ ትክክለኛውን መለየት ይቻላል የሚሉ አሉ። በጣት የሚታወቀው ቅጥነቱና ውፍረቱ ነው፤ ሞተሩን የሚጠብቀው ቅመም ግን በጣት አይዳሰስም።

ወደ ምርቶቹ ስንመጣ፣ ቶታል ኳርትዝ፣ ሼል ሄሊክስ፣ ካስትሮልና ሞቢል ሱፐር እውነተኛ እስከሆኑ ድረስ በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉት ዘይቶቻቸው ለአንድ ቪትዝ የሚያመጡት ልዩነት እኔና እናንተ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። እኔ ለኳርትዝ የማደላው በዘይቱ ብልጫ ሳይሆን ከተማው ውስጥ በዚያው ኩባንያ ስም የቆመ ማደያ ስላለ ነው። ከማምረቻው እስከ እጄ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ችግር ቢመጣ የምመለስበት በር አለ። ሼል ግን የኢትዮጵያ ማደያዎቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ሸጦ ስለወጣ፣ ሄሊክስ የሚሸጥላችሁ ሰው በመካከል ስንት እጅ እንዳለፈበት አይነግራችሁም። ይህ ሄሊክስን አያሳንሰውም፤ ምንጩን የምታውቁ ከሆነ ግዙት። ቀድሞ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁትን፣ ጋሎኑ ላይ የእሽቅድምድም መኪና የተሳለበትን ዘይት ግን ሥዕሉን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ጀርባው ላይ የሚፈለገው ኤፒአይ (API፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ሁለት ፊደል ነው። በኤስ (S) የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ በሲ (C) የሚጀምረው ለናፍጣ ነው፤ ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የዘይቱ ደረጃ አዲስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤስ ኤል በ2001፣ ኤስ ኤም በ2004፣ ኤስ ኤን በ2010፣ ኤስ ፒ በ2020 የመጡ ናቸው። ርካሾቹ ጋሎኖች ላይ ኤስ ኤፍ (SF) የሚል ካያችሁ አስቀምጡት፤ ኤፒአይ ራሱ ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም ይላል። ቪትዝ ደግሞ ገበያ የወጣው በ1999 ነው። የፊደሉ ልዩነት በጋሎን ጥቂት መቶ ብር ቢያስጨምር ክፈሉ፤ ከዚህ ሁሉ ንጽጽር ውስጥ ያለ ማመንታት ጨምሩ የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ውፍረቱ ብዙ አልልም። ከደብሊው (W) በፊት ያለው ቁጥር ለብርድ፣ ከኋላው ያለው ሞተሩ ሲግል ላለው ውፍረት ነው፤ 20 ደብሊው የሚለው እንኳ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ የሚለካ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ብትሆንም የታኅሣሥ ሌሊቷ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ለብርዱ ብላችሁ 5 ደብሊው 40 ሙሉ ሲንቴቲክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የመኪናው መመሪያ ካላዘዘ በቀር። ዘይት የማይበላ ደህና ሞተር 15 ደብሊው 40 ይበቃዋል፤ ጭስ የጀመረውና የሚያንጠባጥበው 20 ደብሊው 50 ቢወስድ ፍጆታው ጋብ ይላል። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ያለቀበትን ሞተር ግን ወፍራም ዘይት አያድነውም፤ ከጥገናው በፊት ትንሽ ጊዜ ይገዛለታል።

ፊልትሮውንም አትርሱ። ጋሎኑን ከማደያ ገዝቶ ፊልትሮውን ከመንገድ ዳር የሚያነሣ ሰው አይቻለሁ። አዲሱን ፊልትሮ አንሥታችሁ በቀዳዳዎቹ በኩል ተመልከቱ፤ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ መኖር አለበት። እሱ ከሌለ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ በደረቁ ይንኳኳል።

የተቃጠለውን ዘይት ወደ መንገድ ዳር ቦይ አትድፉት፤ የከተማው ቦይ ጎርፉን ይዞ የሚወርደው ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ነው። ወደ ጋሎኑ መልሳችሁ አጥር ለሚያጥር ሰው ስጡ፤ ምስጥ እንዳይበላው የእንጨቱን እግር ይቀባበታል። ጋሎኑ በዚያ ከተበላሸ አስመሳዮቹም አይፈልጉትም።

የባጃጅ ሾፌሮች "ጋሼ፣ ለእኔስ?" ይሉኛል። እነሱ የመኪናውን ጋሎን አይጋሩ። በባጃጅና በሞተር ሳይክል ውስጥ አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያለሰልሳል፤ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ማንሸራተቻ ቅመም የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ዕቃው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል፣ የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ፈልጉ። ቀኑን ሙሉ ከጊዮርጊስ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ የሚመላለስ ባጃጅ ዘይት ቶሎ ይቀይራልና፣ ባለ 20 ሊትሩ ባልዲ የሚያዋጣው ለእነሱ ነው፤ አምስት ሆነው በአንድ ደረሰኝ ቢገዙ በየሊትሩ የሚያተርፉት ለፊልትሮ ይተርፋል።

ወደ ዘጌ የሚመላለሱ የጀልባ ሰዎችም ከጋሎኑ ቢካፈሉ ደስ ባላቸው ነበር። በባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ውስጥ ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይቃጠላል፤ የመኪና ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ አመዱም ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ለእነሱ የሚሆነው ቲሲ ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል የተጻፈበት ብቻ ነው። ከማሟያ በቀር ባለ አንድ ሊትሩን ጠርሙስ ግዙ የምለውም ለእነሱ ብቻ ነው፤ መመሪያው ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት የሚል ከሆነ አንዱ ጠርሙስ ያለ መለኪያ ልኩን ይመጣል።